ለስምንት ሰው ያደልኳቸው ግሶች

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም። ስድስተኛ ፎቅ በእግር። ላቤን ሳልጠርግ ዮናስ ስብሰባ ጠራ። ዮናስ ማናጀራችን ነው። በዕድሜ በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በተቀረው ሁሉ እሱ እንደሚበልጠኝ ያምናል። ርዕስ፦ የዓመቱ ግምገማ።

ደብተሬ፣ ዘንድሮ ሌላ ጉድ ነው። አዲሶቹ ባለድርሻዎች ከውጭ ያመጡት ቅጽ አለ። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ምን ሠራህ አይልም ቅጹ፤ ከማን በለጥክ ነው የሚለው። ከዚያ የዕቃ አስተላላፊ ክፍሉ ዘጠኝ ሰው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይደረደራል። ዘጠነኛው ሰኔ 30 ይሰናበታል። በቃ። ዮናስ ይህን ሲናገር እጁን እያፋተገ ነበር፤ የልደት ኬክ ሊቆርስ የተጠራ ነው የሚመስለው።

ጠንካራ ግስ ተጠቀሙ አለ። «ሜት» የሚል ሰው፣ ማለትም የሚጠበቅብኝን አሟላሁ የሚል፣ ራሱን በራሱ ቀበረ አለ።

ሌላም አለ። ባለፈው መንፈቅ ቅጹ በሌላ ክፍል ሲሞከር አምስት ሰው በማሽን፣ ኤአይ በሚሉት፣ አስጽፎ አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ኮማው ሳይቀር። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ የቢሮው ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፤ ሳምንት ሙሉ ተሳቀ። አሁን ሁለት ሰው ተመሳስሎ ከተገኘ ሁለቱም ዜሮ። ማሽን የጻፈለት ዜሮ። ሌላ ሰው የጻፈለትም ዜሮ። ማስረከቢያ ሰኔ 13፣ ዓርብ።

መገናኛ የገርጂ ታክሲ ሰልፍ 50 ደቂቃ። ዘነበብኝ። ቤት ስገባ አባባ ጫማሽን አውልቂ ብሎ ተቆጣ። አውልቄያለሁ።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

እንደጠበቅሁት። ሄለን ቅጿን ይዛ መጣች። አምስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ደንበኛ ታነጋግራለች፣ እኔ ሰነድ አጣራለሁ። ጾም ሲሆን በያይነቱ አንድ ሳህን ላይ፣ ሲፈታ የየራሳችንን። መንታ ልጆች አሏት። እኔ ምንም ነገር ብትጠይቀኝ እምቢ ብያት አላውቅም።

አራት ዓመት ገርጂ አንድ የግል ት/ቤት እንግሊዝኛ ማስተማሬን ሁሉም ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው እንዳትዪኝ፤ ያኔም ይህን ደብተር እጽፍ ነበር።

አዘንኩላት። «አውትፐርፎርም» ሰጠኋት። ደረቅ የቢሮ ቃል ነው፤ ብረት ይሸታል፤ ግን ለእሷ ይሆናል፤ ቅሬታ በማስተናገድ ከሌሎች ቅርንጫፎች ሁሉ በልጣለች። እውነትም ነው። አቀፈችኝ፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር አለች።

ከምሳ በኋላ አቶ ግርማ። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ትራንዚተር ናቸው፤ ከኤርፖርት ካርጎ ዕቃ የሚያስለቅቁት እሳቸው ናቸው። ቅጹን እንደ ሐኪም ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ልጄ፣ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ነው የቀረው፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል አሉ። ቁጭ ይበሉ አልኳቸው።

እውነቱን ልንገርሽ? አቶ ግ. (ከዚህ በኋላ አቶ ግ.፤ እጄ ደክሟል) ዘንድሮ ሦስት ዲክላራሲዮን፣ ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ ተሳስተው ሞልተዋል። ሦስቱንም ማንም ሳያይ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ለእሳቸው «ሰርፓስ» አገኘሁ። ጨዋ ቃል ነው፤ ማንንም ሳይገፋ በጎን አልፎ ይሄዳል። ሲያነቡት አልገባቸውም። ስተረጉምላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ እኔ ነው ይሄ? አሉ።


ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሰልፍ። እኔ ጋ ሰልፍ! መገናኛ ይሻላል።

ብሩክ (24 ዓመቱ፣ ኦፕሬሽን) «ዶሚኔት» ካልሆነ አለ። ማንን ነው የምትገዛው፣ አልኩት። ሁሉንም፣ አለ። ሰጠሁት፤ ምን አገባኝ። ካሸሯ «ኤክሲድ»ን፣ ከተባለው ማለፍን፣ ወሰደች። አንዱ «ቢት» ብዬ ልጻፍ አለኝ፤ ሰው የደበደብክ ይመስላል አልኩት፤ ተሳሳቅን። «አውትሻይን»ን፣ አብርቶ መብለጥን፣ ሰጠሁት።

ነገሩ ይጥማል መሰለሽ። መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ፣ የእያንዳንዱን ሰው ዓመት አስባለሁ፣ ልኩን እፈልጋለሁ። ማንም ከማንም እንዳይመሳሰል። እንግሊዞች ሌላውን ለመብለጥ ስንት ግስ አላቸው! ሮጠህ ስትበልጥ አንድ፣ አስበህ ስትበልጥ ሌላ፣ ዕድሜ ስትበልጥ ሌላ። አብዛኛው ፊቱ ላይ «አውት» የተለጠፈበት ነው። ውጭ ማለት ነው። የሚበልጥ ሰው ካለ የሚወጣ አለ ማለታቸው ይሆናል።

የራሴን አልጀመርኩም። ቀን አለ።


ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሾላ ገበያ። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ሽንኩርት። በርበሬ ሻጯ፣ እንደኔ በርበሬ ያለው ሰው ካለ አምጪውና ልየው አለች፤ ድምጿ ጎረቤቶቿን ሁሉ ይሸፍናል፤ ማንም አይቀየማትም። እንዴት ነሽ ስላት ግን ድምጿ ወረደ። ይመስገን፣ አለን፣ እንደ ነገሩ። በርበሬውን አሞገሰች፤ ራሷን የት አባቷ። እኔም ያው ነኝ፤ በርበሬ ብሆን ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ስለ ቅጹ ለአባባ ነገርኩት። አባባ በለጠ ይባላል። አባቱ ሲወልደው እንዲበልጥ ፈልጎ ነው። ወንድሞቹ አስናቀ እና ላቀው። ሰፈሩን ሁሉ ሊያስከነዱ የተወለዱ ሦስት ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱ ሞተዋል፤ አባባ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቶ ይኸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከኔ ጋር ተከራይቶ ይኖራል።

እኔ ደርቤ መቅደም አልወድም ነበር አለኝ። ደርበው መቅደም የሚወዱትን ገደል ውስጥ አይቻቸዋለሁ አለ። ደስ አለኝ፤ ምክር ነው ብዬ። ትንሽ ቆየና፣ ወደብ ስደርስ ግን ሁልጊዜ የሰልፉ መጨረሻ ነበርኩ አለ። ከዚያ ዜና ከፈተ።


ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሰባት ሰው ጨርሻለሁ። ስምንተኛዋ ነገ። ሄለን የኔን ጻፍኩ አልጻፍኩ አልጠየቀችኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ለእሷ ምን ያቅታታል ብለው ይሆናል።


ሰኔ 13፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡40

ማስረከቢያው 11 ሰዓት። ቅጹ ፊቴ ነው። ባዶ።

ስምንት ሰው፣ ስምንት ግስ። የቀረኝን ልንገርሽ፦ «ኤክሊፕስ»፣ ሌላውን ጋርዶ ማጨለም። «አውትክላስ»፣ አንተ ከኔ ተርታ አይደለህም ማለት። ጥሩዎቹን ለሰው ሰጥቼ ለራሴ ስድብ የሚመስሉት ቀሩ። ደግሞ አይደለም። ውሸታም ነኝ። ጥሩም ቢቀር አልጽፈውም ነበር። ሦስት ጊዜ «አይ»፣ በእንግሊዝኛ እኔ፣ ብዬ ጀመርኩ፤ ጣቴ እምቢ አለ። ለሰው ስጽፍ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ስለ ራሴ ሲሆን እማዬ ከመቃብር ትነሳለች፦ ሰው ያመስግንሽ እንጂ አፍሽ አያመስግንሽ።

10፡50። ጻፍኩ። የሚጠበቅብኝን አሟልቻለሁ። «ሜት»። ባልደረቦቼን ረድቻለሁ። ሁለት መስመር። ላክሁት።

ዮናስ እኮ ሥራዬን ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰነድ ከጉምሩክ አልተመለሰብንም። ራሴን ዝቅ ሳደርግ፣ ኧረ አንቺማ፣ የሚል ሰው አይጠፋም። ሁልጊዜ አለ።


ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሊፍቱ ሠራ! ዮናስ ሊፍት ውስጥ ቲጂ እንዴት ነሽ አለኝ፤ በስሜ፤ ፈገግ ብሎ። ለሄለን ነገርኳት፤ ጥሩ ምልክት ነው አለች። ምሳ እኔ ጋበዝኩ። ቀኑን ሙሉ ዘፈን በአፍንጫዬ።


ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዘጠነኛ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዮናስ መስታወት ክፍሉ አስገባኝ። ወረቀቴን አዞረልኝ። ይህን ያልሽው አንቺው ነሽ፣ እኔ አይደለሁም አለ። ስምንቱ በልጠናል ብለዋል፣ አንቺ አሟልቻለሁ ብለሻል፤ ታዲያ ማንን ላስቀድም? ሰነዶቹስ? አንድም አልተመለሰም፣ አልኩ። ሥራሽ እኮ ነው፣ ለዚያ ነው «ሜት» የሚባለው አለ። ከዚያ፣ ደብተሬ፣ ከክምሩ አንድ ወረቀት መዝዞ፣ እስቲ ይህን ስሚ አለኝ። የአቶ ግ. ነው። ድምፁን አስተካክሎ አነበበልኝ። የኔን ዓረፍተ ነገር! ኮማዋን ሳይቀር አውቃታለሁ፤ ሰኔ 4 ከምሳ በኋላ የጻፍኳት ናት። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ እንዴት እንደጻፉ አየሽ፣ አንቺ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሽ አይደል? አለኝ።

ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «በጣም ጥሩ ነው» አልኩ።

አፌን ብከፍት ስምንቱም ዜሮ ናቸው። ስምንት ሰው አያባርሩም፤ ያኔ ሥራ ይታያል። ሥራ ከታየ ደግሞ ዘጠነኛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስቱን ዲክላራሲዮን ያስተካከልኩት በራሴ እጅ ነው።

ብሩክ አንደኛ። ሄለን ሦስተኛ። አቶ ግ. ስምንተኛ። ለጥቂት።

ወጥቼ ሄለንን አየኋት። ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነበር። ቀና ብትል አለቅስ ነበር። አላለችም። ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ለካ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው።

ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ 11 ሰዓት በጽሑፍ ያቅርብ ይላል ማስታወቂያው።


ሰኔ 19፣ ሐሙስ

አቶ ግ. ቤቴ መጡ። ገርጂ ድረስ፣ በዚህ ዝናብ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው። አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። አባባ ወንበር ሰጣቸው፤ ሻይ አፈላሁ።

ብርቱካኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ፣ ልጄ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም አሉ። ነገ ጠዋት ዮናስ ዘንድ ገብቼ ወረቀቱን የጻፈችልኝ እሷ ናት እላለሁ፤ አንቺ እኮ ከሁላችንም ትበልጫለሽ፤ የመጣው ይምጣ አሉ። በዚህ ዓመት ይህን ቃል በአማርኛ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልቤ እንዴት እንደዘለለ! እኔ ግን ምን አልኩ? ሰው የሚለውን።

«ኧረ በፍጹም! ምን ሲደረግ! እንዳያደርጉት!»

እምቢ ማለቴ አልነበረም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ቤት ብይ ሲሉሽ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ትያለሽ። የተራበም ሰው እንደዚያ ይላል። ከዚያ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ ትንሽ ትግደረደሪያለሽ፣ ሁለተኛ በሞቴ ይላል፣ ትበያለሽ። እንዲህ ነው ያደግነው። በሞቴ የምትለዋን እየጠበቅሁ ሻዩን ቀዳሁ።

«እሺ እንግዲህ» አሉ አቶ ግ.። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

አንዴ! አንዴ ነው እምቢ ያልኩት! ብርቱካን ልጠው በሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ሲወጡ አባባን ሁለት ጊዜ ሳሙት።

በሩ እንደተዘጋ አባባን ጠየቅሁት። ሰውየው ደግመው መለመን አያውቁም እንዴ? ወይስ የምሬን መስሏቸው ነው? አባባ ልጣጩን ከጠረጴዛው ላይ እየሰበሰበ፣ ያወቀ ሰው ነው አለኝ። እምቢታሽን ሊወስድ ነው የመጣው፤ ወስዶ ሄደ።

አልቅሻለሁ። መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍቼ። አባባ ሰምቷል፤ ያልሰማ መስሎ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው።


ሰኔ 20፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት ማንም የለም። ቅሬታዬን ጻፍኩ። በአማርኛ፤ እንግሊዝኛውን አልፈለግሁትም። የስምንቱን ቅጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ረቂቆቹ ኮምፒውተሬ ላይ አሉ፤ ሥራችን ይመዘን። እስከዚህ ድረስ ሄድኩ። የቀረችው አንዲት መስመር ናት። ከባልደረቦቼ እበልጣለሁ። አምስት ጊዜ ጻፍኳት፣ አምስት ጊዜ ሰረዝኳት። እሻላለሁ ብዬ አቀለልኳት። እሷንም ሰረዝኳት።

9 ሰዓት። አቶ ግ. ከካርጎ ተመለሱ። ዝናብ መትቷቸዋል። ሰላም አሉኝ፤ ዓይናቸው ጫማቸው ላይ ነበር። ቆይተው ቦርሳቸውን ከፍተው የሞሉትን ዲክላራሲዮን ሰጡኝ፤ እንደ ወትሮው እይልኝ ማለታቸው ነው። ከተባረርኩ በኋላም! አየሁት። ዕቃው የተመደበበት የታሪፍ ቁጥር ተሳስቷል። አስተካከልኩት። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው፤ እኔ የት ነበርኩ ይህ ሲነገር?

10፡30። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሰው ኃይል በር ድረስ ሄድኩ። ሴትየዋ ቅሬታ ነው? አለችኝ። ማስታወቂያ ላነብ ነው አልኩ። አነበብኩት። ሦስቴ አነበብኩት። 11 ሰዓት ሆነ። በሩን ዘጋች።

ደግነት እንዳይመስልሽ። እኔም እንዲመስለኝ አልፈልግም። ደግ ሰው ቢያንስ ሌሊት ይተኛል። ማፈር ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ኑሮዬ ገደል ጫፍ ቆሞ፣ እበልጣለሁ ማለት አፈርኩ።


ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ። ዕድሜዋ ከ30 ያልበለጠ። ከ32 ያልበለጠ። ከ28 ያልበለጠ። ይኸው፣ በዕድሜ ስንቱን በለጥኩ። አባባ ቀስ ብለሽ ታገኛለሽ ይላል። የቤት ኪራዩ በኔ ነው፤ ቀስ የሚል አይመስለኝም። ወደ ማስተማር ልመለስ? ያቺ ት/ቤት ራሷ አዲስ ተመራቂ ነው የምትቀጥረው።

ብርቱካኑ አለ። ልበላው አልፈልግም፤ ልጥለውም ነውር ነው። አባባ አንድ በአንድ እየጨረሰው ነው።


ሰኔ 24፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ሄለን ዛሬ አናገረችኝ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ምሳ እንብላ አለች። ሄድኩ፤ ሞኝ አይደለሁ? ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ በያይነቱን በደንብ ሳልበላ ጠበቅሁ።

ጉዳዩ ይኸውልሽ። ሰኔ 30 መሸኛ ያደርጉልኛል። ጾም ስለሆነ የጾም ኬክ፣ ለስላሳ፣ በፍሬም የገባ የምስጋና ሰርተፍኬት። ዮናስ የሰርተፍኬቱን ጽሑፍ ሄለን ታዘጋጅ ብሏል። በእንግሊዝኛ። ጠንከር ያለ ይሁን ብሏል። እሷ ደግሞ…

እኔ እንድጽፍላት።

የራሴን። አሰናባቾቼ ለኔ የሚሰጡኝን። አንቺ ስትጽፊው ያምራል አለች፤ የሰው እጅ ያበላሸዋል፤ ደግሞ ስለ ራስሽ እኮ ነው፣ የፈለግሽውን ማለት ትችያለሽ፣ ለአንዴም ቢሆን ከፍ አድርጊው። ስታወራ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። ያ ነው ያቃጠለኝ። ምንም የለም።

አይሆንም አልኳት።

የተግደረደርኩ መሰላት። በሞቴ አለች። አይሆንም። አፈር ስሆንልሽ፣ አምስት መስመር ናት። አይሆንም። እጄን ይዛ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ ቲጂዬ፣ ዮናስ ነገ ይፈልገዋል፣ ምን ልለው ነው። ሦስት ጊዜ ለመነችኝ፤ ያውም ከልቧ። ሐሙስ ዕለት ከአቶ ግ. አንዱን ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አልኩ። ከዚያ ደነገጠች። ምን ሆንሽ? ተለወጥሽ እኮ አለችኝ። ሒሳብ ሳልጠብቅ ተነስቼ ወጣሁ። ስድስቱን ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁት። መቀመጫዬ ስደርስ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ልቤ ብቻ ይመታል።

አሁን ለአባባ ነገርኩት። ሰኔ 30 ጠዋት ቁልፉንና ማኅተሙን አስረክቤ ከኬኩ በፊት እወጣለሁ። የአቶ ግ.ን ዲክላራሲዮን ከነገ ጀምሮ አላይም።